በርበሬና የኦርኬስትራ መሪ ጭኜ በኦሮራ

ጎህ ሲቀድ፣ ኮሜርስ ሲቲ

የእኛ ሚሌኒየም ሊገባ ወራት ቀርተውታል። የመርካቶውን ሱቄን ለወንድሜ ትቼ በርበሬና ሽሮ ልሸጥ ዴንቨር ከመጣሁ ጥቂት ሳምንታት ሆነኝ። ዛሬ ገና ሳይነጋ በእህቴ በጽጌ ቫን ከምንኖርበት ከኦሮራ ተነሳሁ። መንገዱ መጋዘን ነው፣ ከዚያ የባቡር ሐዲድ፣ ከዚያ የነዳጅ ማጣሪያ ጭስ፣ ከዚያ ደግሞ መጋዘን። ሜዳው ስለተረፋቸው ፎቅ ለመደራረብ የቸኮለ የለም።

መጋዘኑ ውስጥ የበርበሬ ኬሻዎቹን በፎርክሊፍት መኪና ያወረደልኝ ብርሃኑ ነው። ጽጌ በምትዘምርበት ኳየር ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው እሱ ነው።

«ሽማግሌውን የምታመጣው አንተ ነህ አሉ» አለኝ።

«እኔ ነኝ። በመንገዴ ሴንቴኒያል ላለ ደንበኛ በርበሬ አድርሼ።»

«ከበርበሬው ጋር እንዳታስቀምጣቸው፤ ሲያስነጥሱ ይውላሉ።»

«አንተ ብቻ ዓይንህን ግለጥ።»

ሳቀ። «ለእግዚአብሔር እየዘመርኩ ዓይኔን ገልጬ ማንን ልይ?»

ረፋድ፣ ሎውሪ

ሎውሪ ድሮ የጦር አውሮፕላን ሰፈር ነበር። አሁን ቤቶቹ ሁሉ ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ይመስላሉ፤ በር አንኳኩቼ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

በሦስተኛው በር ጽጌ በሥራዋ የምትንከባከባቸው ፖላንዳዊ አዛውንት ቆመዋል። ስማቸው ታዴዉሽ ነው፤ ጽጌ ጋሼ ታዴዎስ አድርጋዋለች። በአገራቸው የኦርኬስትራ መሪና የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። ወጣት ሳሉ ለኳየር ያቀናበሩት አንድ የዳዊት መዝሙር አለ፤ ሰው ፊት ተዘምሮ አያውቅም። ጽጌ ፒያኖ ላይ ሲነካኩት ሰማችና ለዘማሪዎቹ ነገረች። ኖታ የሚያነብ አልተገኘም። ዘማሪዎቹ ወረቀቱን በአክብሮት ተቀብለው፣ አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀመጡት። ሰውየውም እያንዳንዱን ድምፅ በካሴት ቀዱላቸው፤ ዘማሪዎቹም ቃሉን አማርኛ አድርገው በጆሮ አጠኑት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ የመዝሙር ፕሮግራም ላይ ራሳቸው ሊመሩት ነው።

ችግሩ አንድ ነው። የእኛ ዘማሪ ሲዘምር ዓይኑን ይጨፍናል። ሰውየው ደግሞ «እጄን ካላዩ የመምሪያ ዘንጌን አስቀምጬ እወጣለሁ» ብለዋል።

ጽጌ ለልምምድ ቀድማ ሄዳለች። እሳቸው ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ቀጭኗን ዘንግ በማኅደሯ ይዘው ወጡ፤ ቫኑን አዩና ተመለሱ። በሩን ቆለፉ፤ ከፈቱ፤ እንደገና ቆለፉ።

«ይቅር» አሉ።

«እሺ፣ ይቅር። ግን በርበሬ ማድረሴ ስለማይቀር አብረውኝ ይንሸራሸሩ።»

ገቡ።

ቀትር፣ ወደ ሴንቴኒያል

ቤንዚን በጋሎን ሦስት ዶላር አልፏል። ነጋዴ ስለሆንኩ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ብዙ መንገድ አልሄድም።

«እርስዎ ምንም መሣሪያ አይጫወቱም፤ ድምፅም አያወጡም» አልኳቸው። «መሀል ቆመው እጅዎን ያወናጭፋሉ፤ ሲያልቅ የሚጨበጨበው ለእርስዎ ነው። በእኛ ገበያ ይህ ደላላ ይባላል።»

«ደላላ ገንዘብ ያገኛል» አሉ።

የልብስ ሰፊ ልጅ ናቸው። ክራኮቭ ተምረው በከሰል ማዕድን ከተማ የሚገኝ ኦርኬስትራ ተሰጣቸው። ጥሩንባ ነፊዎቹ ቀን ከጉድጓድ የወጡ ቆፋሪዎች ነበሩ። «ሲነፉ ጥቁር አቧራ ይወጣ ነበር» አሉኝ። የዳዊትን መዝሙር ለፓርቲው ኮሚቴ ሲያቀርቡ ሊቀመንበሩ አገላብጦ አየና ስለ ከሰል የሆነ ነገር የለህም ወይ አላቸው። ስለ ከሰል ጻፉ፤ እሱ ተጨበጨበለት። አሜሪካ ከመጡ በኋላ ተማሪ አስተማሩ፣ ፒያኖ ቃኙ፣ በየሰው ሠርግ ተጫወቱ። ኦርኬስትራ ግን ማንም አልሰጣቸውም፤ ደብዳቤ ከላኩላቸው ቦታዎች ሁሉ በጣም ጨዋ የእምቢታ መልስ መጣ።

ሴንቴኒያል ደንበኛዬ ቤት ኬሻ ሳወርድ እሳቸው የመኪናውን በር ከፍተው በእግር መሄድ ጀመሩ። ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት።»

«ቤትዎ በዚህ በኩል አይደለም። በዚህ በኩል ተራራ ነው ያለው።»

ተራራውን አዩት። ክንዳቸውን ይዤ መለስኳቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ ኦሮራ

አዳራሹ ሞልቷል። ነጭ የለበሱት ዘማሪዎች መድረኩ ላይ ተደርድረዋል፤ ብርሃኑ በነጭ ልብስ ሌላ ሰው መስሏል። ታዴዎስ ቀስ ብለው ወጡ፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጡ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ መድረክ ላይ እጁን ሲያነሳ ትርጉሙ አንድ ነው። ሕዝቡ በሙሉ ብድግ አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጸለይ ጀመረ። ዘማሪዎቹም ጨፈኑ። ጽጌ እንኳ፣ የኔዋ ጽጌ።

ሰውየው ዞረው አዩን። ዘንጓን አስቀምጠው ሲወጡ ታየኝ፤ እግሬን ወደ መተላለፊያው አወጣሁ። አልወጡም። እጃቸውን እንዳነሱ ቆዩ። በመጨረሻ ደክሟቸው ዝቅ ሲያደርጉት አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ «አሜን» አለና ጸጥ አለ። ሁሉም ዓይን ተገለጠ፤ ሁሉም እሳቸውን ያያል።

ቅንድባቸው ሲነሳ አየሁ። ወደ ዘማሪዎቹ ዞረው ወዲያው አስጀመሩ።

ስለ ሙዚቃው ምን ልበላችሁ፤ እኔ የማውቀው ሚዛን ነው። ከታች እንደሚመጣ ውሃ ጀመረ። መሀል ላይ ወንዶቹ ፈጠኑና ሰውየው እጃቸውን አጠፉ፤ መዝሙሩ ቆመ። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ራሳቸው አቆሙት። ፓስተሩ ከወንበሩ ተነሳ።

«ከመጀመሪያው» አሉ በእንግሊዝኛ። «አትሩጡ። የሚያባርራችሁ የለም።»

ደገሙት። ብርሃኑ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ላቡ እየወረደ፣ እስከ መጨረሻው አብሮ ሄደ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር።

ሲመሽ፣ ወደ ሎውሪ

በአላሜዳ ጎዳና ወደ ምዕራብ እየነዳሁ ነው። ሰውየው ከጎኔ፣ ጽጌና ብርሃኑ ከኋላ ናቸው።

«እንዴት ነበር ታዲያ፣ ጋሼ?» አለች ጽጌ።

«አልሰማሁትም።»

ዞሬ አየኋቸው።

«ስመራ አልሰማም፤ ሥራ ላይ ነኝ። ቀጥሎ የሚመጣውን ነው የማስበው። መስማት የሌላው ሰው ድርሻ ነው።»

 ከጠዋት ጀምሮ ስነዳ የዋልኩት ለዚህ ነው ወይ አልኩ በልቤ።

ጽጌ መዝሙሩን ቀስ ብላ ጀመረች። ብርሃኑ ከሥር ገባ፤ ቫኑ ውስጥ ድምፁ ወንበሬን ያርገበግበዋል። የሰውየው ቀኝ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ተነሳ፤ ትንሽ አየር ላይ ቆየ፤ ወርዶ ተቀመጠ። ራሳቸውን ወደ ኋላ አስደገፉ።

የሎውሪ መታጠፊያ መጣ። መብራቱ አረንጓዴ ነበር። መዝሙሩ ገና አላለቀም፤ ፍሪቻውን አጥፍቼ ቀጥ ብዬ ነዳሁ።