ፓርት ቱን ስለደጋገምን

ክፍሉ ቀድሞ የበቆሎ መጋዘን ነበር። ወለሉ ላይ የቀረው ፍሬ ከእግሬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው አንዱ ቆርቆሮ ጥግ ተቀዶ በዚያ ብርሃን ይገባል። ዘበኛው፣ በእኛ ከተማ አስካሪ የምንለው፣ ጀርባዬን ገፍቶ አስገባኝና ከውጭ ቆለፈ። ግቢው በኬንያው ሞያሌ ዳር ያለ፣ ሰሌዳም ባንዲራም የሌለው ግቢ ነው። ያሰሩኝ ሰዎች ማን እንደሆኑ አልነገሩኝም። አማርኛቸው ግን ከድንበሩ ወዲያ የመጣ ነበር፤ ጆሮዬ አልተሳሳተም።

ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ዳበል ከተባለው መንደር የመጡ ወተት ሻጭ ናቸው። በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፤ አዮ አልኳቸው፣ እናቴ እንደማለት ነው።

"በምን ያዙሽ?" አሉኝ።

"በፊልም።"

"ሰርቀሽ?"

"አይ፣ አሳይቼ።"

"እኔን በልጄ ነው" አሉ። "እሱን ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ።"

ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ያደግሁት ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ነው፤ ስዋሂሊውንም ኦሮምኛውንም የለመድኩት እዚያ ነው። ካምፑ ሲዘጋ ሞያሌ ቀረሁ። ቤቴ ቆርቆሮ ሆኖ አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ጄኔሬተር ነበሩት። ከሁሉ የሚወደደው አንድ የድሮ የወንበዴ ፊልም ነበር፤ ከእሱም ሁለተኛው ክፍል፣ ሁላችንም ፓርት ቱ የምንለው። በመጀመሪያው ክፍል የሌቦቹን አለቃ ከጓደኞቹ አንዱ አሳልፎ ይሰጠዋል። በሁለተኛው አርጅቶ ይፈታና ማን እንደሸጠው ፍለጋ ይወጣል። ከብዙ መንከራተት በኋላ ሰውዬውን አንድ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያገኘዋል። እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ይሰዳል። ልክ እዚያ ላይ ሲዲው ያቆማል።

ተጭሮ ነው። ሌላ ፈልጌ አጣሁ። እኔ ሳይጫር አይቼው ስለነበር ከቴሌቪዥኑ ጎን እቆምና የቀረውን በአፌ እጨርስላቸዋለሁ፤ አማርኛውን ከኦሮምኛ፣ ኦሮምኛውን ከስዋሂሊ እያቀላቀልኩ። ስጨርስ ክርክር ይነሳል። ግማሹ አለቃው ልክ ነው ይላል፣ ግማሹ ሞኝ ነው ይላል። ከፊት የሚቀመጥ አንድ ጫኝና አውራጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ ከድንበሩ ወዲያ ሸሽቶ የመጣ ሰው ነው፤ ከሎሪ ላይ ሲሚንቶ ሲያወርድ ይውልና አቧራውን ሳያራግፍ ይመጣል። እህቴ ለማለት ዳዳ ነው የሚለኝ።

"ዳዳ፣ ፓርት ቱን አስገቢልን። ምናልባት ዛሬ ይተኩስ ይሆናል።"

ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ይህን ሳቅ ነው አንድ ሰው ሰምቶ ሄዶ የሸጠው። ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ሊይዙን ሲመጡ ደንበኞቼ የጓሮውን ቆርቆሮ ገንጥለው አመለጡ። እኔ ጄኔሬተሩን ላጥፋ ስል ተያዝኩ።

መርማሪው ቀጭን፣ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር።

"አንድ ፊልም ስንት ጊዜ ይታያል?" አለኝ።

"እስኪሰለች ድረስ ነዋ፣ ጌታዬ።"

"አትቀልጂ። 'ይተኩስ፣ አይተኩስ' እያላችሁ ስትከራከሩ ተሰምታችኋል። ማን ላይ ነው የሚተኮሰው?"

"ፊልሙ ውስጥ ባለው ሰውዬ ላይ ነው።"

በእጁ ጀርባ መታኝ። ቀለበቱ ከንፈሬን ተረተረው።

"ፓርት ቱን አስገቢ የሚልሽ ማን ነው?"

"እኔው ነኝ የማስገባው። እርስዎ የሚሉት ሰው የለም።"

ይህንኑ ጥያቄ እየመላለሰ ሰነበተ። እኔም ይህንኑ መለስኩ። ከጥፊው ይልቅ ድድብናው አንገበገበኝ። ሰዎች ተሰብስበው ስለ አንድ ፊልም ተከራከሩ፤ ለዚህ ብለው እነ መርማሪው ድንበር ተሻገሩ፣ መጋዘን ጠረጉ፣ ቁልፍ ገዙ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስካሪው "ማማ፣ ቶካ!" ብሎ አስወጣኝ። ወደ ቢሮው ስገባ የራሴን ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አየሁት። ማጫወቻውም የእኔ ነው፤ የሰነጠቀውን ክዳኑን ያሰርኩበት ላስቲክ እንኳ አልተፈታም።

"ቁጭ በዪ" አለ መርማሪው። "ምልክቱ የቱ ጋ እንዳለ እያሳየሽ ታስረጂኛለሽ።"

ፓርት ቱን ከፈተው። መጀመሪያ ላይ እያቋረጠ "ይሄ ምን ማለት ነው? ያኛውስ?" ይለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ መጠየቁን ተወው። አስካሪው በሩ ላይ ተደገፈ። ሌላ ባልደረባቸው ወንበር ይዞ ገባ። ሻይ በፔርሙስ መጣላቸው። ደንበኞቼ በሚስቁበት ቦታ እነሱም ሳቁ። አንዱ ሊያወራ ሲል መርማሪው "ቆይ፣ ዝም በል እስቲ!" አለው። እኔ ያበጠ ከንፈሬን ይዤ ከመሃላቸው ተቀምጫለሁ። ቤቴን አፍርሰው፣ ሰዎቼን በትነው፣ በእኔው ቴሌቪዥን እየተዝናኑ ነው።

ሽማግሌው አለቃ ባቡር ጣቢያው ገባ። ሰውዬውን አየው። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሥዕሉ ተቆራረጠና ቆመ።

መርማሪው ሲዲውን አውጥቶ በዚያ ንጹሕ ሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። መልሶ ከተተው። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። እንደገና ጠረገው። እንደገና ቆመ። ዞሮ አየኝ።

"መጨረሻው ምንድን ነው?"

ዓይኔን ከማጫወቻው ላስቲክ ላይ አላነሳሁም።

"አንቺን እኮ ነው! ይተኩስበታል?"

ቃሉ ያው ነው። ያ ምስኪን ጫኝ ይህን ስለጠየቀ ነው እንደ አውሬ የሚያድኑት።

"ንገሪኝ በቃ" አለና ሻይ ቀድቶ ወደ እኔ ገፋልኝ። "ንገሪኝና ብርድ ልብስ ይገባልሻል።"

አዮን አሰብኩ። ሌሊት በሌሊት በበቆሎ ፍሬ ላይ ሲገላበጡ እሰማ ነበር። አፌ ሊከፈት ነበር። እሱ ግን ቀድሞ ፈገግ አለ፤ የገዛኝ መሰለው።

"አልነግርህም" አልኩት።

እስከዚያች ቅጽበት አንቱ እያልኩ ነበር የማናግረው። አንተ ማለቴን ሰማ። በሩ ላይ ያለው አስካሪ እንኳ፣ አማርኛ እምብዛም የማይሰማው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

"ምን አልሽ?"

"አልነግርህም። እኔ የምነግረው ቤቴ መጥተው ለሚያዩ ሰዎች ነው።"

ብርጭቆውን አንስቶ ደረቴ ላይ ደፋው። ሻዩ ትኩስ ነበር።

ስመለስ አዮ የረጠበ ልብሴን ከቆዳዬ ላይ በቀስታ አላቀቁልኝ።

"ምን ጠይቀውሽ ነው?"

"የፊልሙን መጨረሻ።"

"ነገርሻቸው?"

"አልነገርኳቸውም። ብርድ ልብስ እሰጥሻለሁ ብሎኝ ነበር፣ አዮ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ብርድ ልብሳቸውን ይልበሱት!" አሉ። "ይልቅ ለእኔ ንገሪኝ።"

ቪዲዮ ቤቴ እንደምቆመው ቆሜ ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። አለቃውን የሸጠው ሰው ዓይኑ ጠፍቶ በባቡር ጣቢያው ሲጋራ ይሸጣል። አለቃው እጁን ከኪሱ ሲያወጣ ሽጉጥ አልያዘም፤ ሳንቲም ነው። አንድ ሲጋራ ይገዛል። ማን እንደሆነ ሳይናገር ይሄዳል።

"ስሙን ሳይነግረው?" አሉ አዮ።

"ሳይነግረው።"

"አለመተኮሱስ ይሁን። ግን ያ ሰው የበደለው ማንን እንደሆነ ሳያውቅ ሊሞት ነው?" ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና "እስቲ ድገሚልኝ" አሉኝ።

ደገምኩላቸው።

አንድ ጠዋት "ሂጂ" አሉኝ። ለምን እንደያዙኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። ጫኙ በዚያው ቅዳሜ ወደ ኡራን በሚሄድ የከብት ሎሪ ላይ ተሳፍሮ እንደወጣ የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። የአዮ ልጅ እናቱን ለማስፈታት ብሎ እጁን ሰጠ። ከድንበሩ ወዲያ አሻገሩት፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ቴሌቪዥኔ አልተመለሰልኝም። አሁን የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ፊልሙን በስልክ አግኝቼ በቅርቡ ደግሜ አየሁት፤ ጭረት የለውም፣ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። አለቃው ሲጋራውን ይዞ በዝግታ ሲወጣ ሙዚቃው ያለቅሳል። ድሮ እኔም አለቅስ ነበር። አሁን "ይህን የጻፈ ሰው ታስሮ አያውቅም" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

አገር ተለወጠ በተባለ ሰሞን መርማሪው ነጋዴ ሆኖ ሱቄ መጣ። አውቆኛል።

"እህቴ፣ እንደምን ነሽ? ያለፈው አልፏል፤ እኛም ታዘን ነው" ብሎ እጁን ዘረጋ።

ለአንዲት ደንበኛዬ ጨርቅ እየለካሁ ነበር። ለክቼ ቀደድኩ፣ አጥፌ ሰጠኋት። እጁ እንደተዘረጋ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ኪሱ ገባ፣ ከዚያ ሰውዬው ሄደ።

ጎረቤቴ ከበሯ ሆና ስታይ ነበር። "ምነው አንቺ፣ የእግዜር ሰላምታ ይነሳል እንዴ?" አለችኝ።

እግዜር የራሱን ይስጠው። ይህኛው ሰላምታ የእኔ ነው።