ኔትወርክ የጠፋ አስመስዬ ያየሁት

ዛሬ በቪዲዮ እያወራን ኔትወርኩ የቆመ አስመስዬ አፌን ከፍቼ ድርቅ አልኩ። ምነው ያን አፌን ዝንብ በገባበት!

የደወለው ሪያድ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። እማዬ ገነተ ማርያም ልትሳለም ሄዳ ቤት ብቻዬን ነበርኩ።

ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲስቅ ሳየው «ጋሼ፣ አረብ አገር ሰው አደረገህ እኮ! ሸሚዙን ላክልኝና ላሊበላን ላስደንግጥበት» አልኩት።

«እልክልሃለሁ፣ አንተ ወስላታ!»

ይኼኔ ነው የደረቅኩት። (እችልበታለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረሁት መምህሩ በጠየቁኝ ቁጥር እንዲሁ እየደረቅኩ ነው።)

«ሄሎ? ሄሎ? ኤጭ፣ ተቋረጠ» አለና ሸሚዙን አውልቆ አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅ ሰጠው። «እንካ ወንድሜ፣ ስላዋስከኝ ተባረክ። ሥራ ከፈታሁ ወር አለፈኝ ብዬ እንዴት ልንገራቸው?»

የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል።

ከዚያ የደረቀውን ፊቴን አየና ፈገግ አለ። «ይቺን የጅል ፊትህን ነው የናፈቅኩት» ብሎ ስክሪኑን በጣቱ ዳሰሰው።

አሁን የምር መንቀሳቀስ አቃተኝ። እንደምንም ስልኩን ዘጋሁት።

መልሶ ደወለ። ሸሚዙን ለብሷል፣ ይስቃል።

«ኔትወርካችሁ አይረባም!»

«አዎ ጋሼ፣ አይረባም» አልኩት። ዓይኑን ማየት ግን አፈርኩ።

እማዬ ስትመለስ «ልጄ ከሳ ወይስ ወፈረ?» አለችኝ። «ወፍሯል» አልኳት። ተመስገን ብላ መሬት ሳመች። እኔ የት ልግባ?

እናንተስ፣ ውጭ ያለ ዘመዳችሁ የሚደብቃችሁን ነገር ሳያውቅ አይታችሁበት ታውቃላችሁ? «አይቼሃለሁ» አላችሁት ወይስ ዝም አላችሁ? ነገ ይደውላል፤ ምን ብዬ እንደማነሳው ጨንቆኛል።