በሃምሳ አለቃው ቦታ የተቀመጠው ገመድ

ሃምሳ አለቃው ወሰን ሰፈር ጎረቤቴ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ታክሲው ሲወርዱ አያቸዋለሁ። እንጦጦ ላይ ባለች ትንሽ የታሪክ ሙዚየም ያለ ደመወዝ እንግዳ እንደሚያስጎበኙ ስሰማ፣ ጡረተኛ መዋያ ሲያጣ የሚያደርገው ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ክረምት ከጠበል ስመለስ ዝናብ ያዘኝና እዚያው ሙዚየም ገባሁ። ሃምሳ አለቃው ነጠላዬ እስኪደርቅ ድረስ አስጎበኙኝ። የመኳንንት ካባ፣ ኮርቻ፣ ጎራዴ፣ ግድግዳውን የሞላ የወታደር ፎቶግራፍ። በሩ አጠገብ ባለች ጠባብ የመስታወት ሣጥን ውስጥ የራሳቸው የውሃ ኮዳ ተቀምጧል። ሰሜን ሲዘምቱ የያዙት ነው፤ ጎኑ ተጨርምቷል።

«እንዴት አዩት እትዬ?» አሉኝ።

«የእኛስ የታለ?»

«የእነማን?»

«ይህን ዳገት እንጨት ተሸክመን የወረድን ሴቶች። ከተማው ወጡን ያበሰለው በማን እንጨት ነው? እዚህ አገር ፈረስ ያለው ብቻ ነው እንዴ የኖረው?»

«ሰሜን እንኳ እንዲህ ፊት ለፊት የመጣብኝ የለም» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው «ምን ቀርቶዎታል?» ብለው ጠየቁኝ።

የቀረኝ ገመዱ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሦስት ልጆች እስክወልድ ድረስ ቅጠልና ጭራሮ ከእንጦጦ ወደ ሾላ ገበያ ያወረድኩበት ነው። የጫካ ጥበቃዎች ሲይዙን እንጨቱን ይወስዱብናል። ገመዱን ግን ለምነን እናስመልሳለን። ገመድ የሌላት ሴት በነጋታው ወደ ጫካ መውጣት አትችልም። ክፉ የተባለው ጥበቃ እንኳ ይህን ያውቃል፤ እየተሳደበም ቢሆን ይወረውርልናል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ። ሃምሳ አለቃው ሣጥኑን ከፈቱ፤ ኮዳቸውን አውጥተው ገመዱን ጠቅልለው አስቀመጡ።

«ኮዳዎትስ?» አልኳቸው።

«እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እሱም ይውጣ። ወታደርማ ሙሉ ግድግዳ አለው።»

ከዚያ ወዲያ ኮዳው ጠረጴዛቸው ላይ ዋለ፤ ውሃ ይጠጡበት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ገመዱን አስቀድመው ያሳያሉ። አብረውኝ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶችን ይዤ ስወጣም ተነስተው ነበር የሚቀበሉን።

ባለፈው ዓመት ሃምሳ አለቃው አረፉ። አርባቸው ካለፈ በኋላ ወደ ሙዚየሙ ወጣሁ። ሣጥኑ ውስጥ ኮዳውና ፎቶግራፋቸው ተቀምጠዋል። ገመዱ የለም።

የሙዚየሙ ኃላፊ ወጣት ሴት ናት። ስታየኝ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ለሳቸው ክብር ብለን ነው እማማ። ገመዱ መጋዘን ገብቷል፤ አይጠፋም።»

ፎቶግራፉን አየሁ። ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም። እኔም ወድጃቸዋለሁ፤ ቀብራቸው ላይ ያለቀስኩት ለይሉኝታ አልነበረም። እሳቸውን ከዚያ ሣጥን አውጡልኝ ማለት እንዴት ከአፍ ይወጣል?

«አውጪያቸው» አልኳት።

«እርስዎ እንዲህ ይላሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«እኔም አላሰብኩም። ግን ቦታውን በገዛ እጃቸው ነው የለቀቁት። አሁን በሳቸው ስም ልትቀሙን ነው? ጥበቃ እንኳ ገመዱን ይመልስልን ነበር።»

«ቦታ የለንም እማማ። አንዱ መውጣት አለበት።»

«የሚወጣውን እሳቸው መርጠዋል» አልኩና የሃምሳ አለቃው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ተቀመጠች። በመጨረሻ ቁልፏን ይዛ ወደ መጋዘኑ ሄደች።

ገመዱ ቦታው ተመለሰ። ፎቶግራፋቸው ግድግዳው ላይ ከሌሎቹ ወታደሮች መሃል ተሰቀለ። በላምበረት በኩል ወደ ቤቴ ስመለስ ደስ አላለኝም። ያሸነፍኩት ጥበቃ አልነበረም፤ ለሳቸው ያለንን ሐዘን ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዬን አጣጥፌ ታክሲ ተራው ላይ ተገኘሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እቀመጣለሁ። እንግዳ ስለ ገመዱ ሲጠይቀኝ ከሃምሳ አለቃው እጀምራለሁ። ግድግዳው ጋ ወስጄ የትኛው እንደሆኑ አሳያለሁ፤ ከዚያ ነው ወደ ገመዱ የምመልሰው።

ኮዳውም ወደ ጠረጴዛው ተመልሷል። ጠዋት ውሃ እሞላዋለሁ፤ ስወጣ ደጃፉ ላይ ለተተከለው የጽድ ችግኝ አፈስስለታለሁ። እስካሁን አልጠጣሁበትም።