አርባ ቤት የተጋራው አድራሻ

ቡታጅራ ውስጥ ሀያቱ ሙስተፋን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ሰው ነው። አባቷ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ፖስታ ቤትም አንድ ሳጥን ተከራይተው ነበርና የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚደርሰው በእሳቸው ሳጥን ቁጥር ነበር። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ዱቄቱን ተሸክሞ፣ ከጅዳ የተላከለትን ፖስታ በደረት ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ማንበብ ለማይችሉት የምታነብላቸው ሀያቱ ነበረች።

አንድ ዓመት አባቷ ታመው የሳጥኑን ኪራይ ሳያድሱ ቀሩ። እንደ ደንቡ ቁልፉ ተቀየረ። ለሁለት ወር ደብዳቤ የሚባል ነገር ወደ ሰፈሩ አልገባም። ሀያቱ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው «የኔስ አልመጣም?» ይሉ የነበሩትን እናቶች ፊት ዛሬም ታስታውሳለች።

በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. ወፍጮው ተሽጦ በቦታው ሁለት ኮምፒውተር ስታስገባ፣ የምታውቀውን አሠራር ይዛ ገባች። ለአርባ ቤት አንድ ኢሜል ከፈተች። ጅዳ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት ያሉ ልጆች ሁሉ ወደዚያው ይጽፋሉ፤ እሷ አትማ በየስሙ ታስቀምጣለች፤ አርብ ገበያ የወጣ ሁሉ ጎራ ብሎ ይወስዳል። የይለፍ ቃሉ የአባቷ ስም ነበር። ያንን ደግሞ ያላወቀ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ የእንግሊዝኛ መልእክት መጣ። ሳጥናችሁ ሊዘጋ ነው፣ እንዳይዘጋ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የይለፍ ቃላችሁን ላኩ ይላል። ሀያቱ ደግማ አላነበበችውም። የታያት የተቀየረው ቁልፍ ነበር፤ በር ላይ የሚቆሙት እናቶች ነበሩ። ላከች። ልካም ቀለል አላት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጃቸው ዱባይ የሚኖረው ሀጂ ጀማሉ መጡ።

«ሀያት፣ ልጄ ደውሎ ሲስቅብኝ ዋለ።»

«ምን ሆነው ነው ሀጂ?»

«የወንድ ጉልበት መድኃኒት እየሸጥኩለት ነው አሉ። በሰባ ዓመቴ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ከዚሁ ቤት ነው የተላከው። መሸጡንስ ልሽጥ፣ ትርፉ የታለ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሀያቱ ግን የተላኩትን መልእክቶች ከፈተች። በመቶ የሚቆጠር ማስታወቂያ በአርባ ቤት ስም ወጥቷል። ከመካከሉ አንዱ፣ ሌባው የቆዩ ደብዳቤዎችን አንብቦ የጻፈው፣ የሚያስቅ አልነበረም። ቤይሩት በሰው ቤት ለምትሠራው ለፈትሂያ፣ እናትሽ ሆስፒታል ገብታለች፣ ያለሽን ላኪ ይላል። ፈትሂያ ያላትን ልካለች። ዘጠኝ ቀን አልቅሳ፣ እናቷ በደህና በርበሬዋን እየሸጠች መሆኗን ከአንዲት የአገር ልጅ ሰማች። ከዚያ የጻፈችው አጭር ነበር፤ «ከዚህ አድራሻ የሚመጣውን ሁሉ ዘግቻለሁ። ከእንግዲህ ማንንም አላምንም።»

አሠሪዋ ስልክ አትፈቅድላትም፤ ከቤት በወጣች ቀን ከኢንተርኔት ቤት ትጽፋለች። ወደ እናቷ ያላት መንገድ ይሄ ብቻ ነበር።

እናትየው ሳሌሃ አርብ ሲመጡ፣ ሀያቱ «ኔትወርክ የለም» ብትል ይበቃት ነበር። በዚያ ዘመን ይህን ምክንያት የሚጠራጠር ሰው የለም። እሷ ግን ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ቁልፉን ለማታውቂው ሰው ሰጠሽው?» አሉ ሳሌሃ።

«ሰጠሁት።»

«ፊቱን ሳታዪ?»

«በጽሑፍ ነው የጠየቀኝ።»

«እኔ የበርበሬ ከረጢቴን እንኳ ለማላውቀው ሰው አላስይዝም። ልጄ አሁን እኔን ሌባ ናት ብላ ነው ያለችው?»

የሞተ ሰው ይለቀስለታል፤ በሕይወት እያለ የማይታመን ሰው ግን ምን እንደሚደረግለት ይህን የምተርከው እኔም አላውቅም።

ሌባው የይለፍ ቃሉን አልቀየረውም ነበርና ሀጂ ጀማሉ የመጡ ዕለት ቀየረችው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ለአርባው ቤት አርባ አድራሻ ከፈተች። የላቲን ፊደል የማያነቡት ለይለፍ ቃል ቁጥር ይመርጣሉ። ሰው የይለፍ ቃሉን ሲመታ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቆማለች። ሀጂ ጀማሉ የመረጡትን ቁጥር ጮክ ብለው እየቆጠሩ ስለመቱት ሁለት ጊዜ አስለወጠቻቸው። የማታውቀው መልእክት ሲመጣ ሳትከፍት ወደ ቆሻሻው ትጥላለች፤ ላኪውንም ትዘጋለች። የሚያስቸኩል መልእክት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ትዘገያለች።

ከሳሌሃ አዲስ አድራሻ ለፈትሂያ ሁለት ደብዳቤ ተጻፈ። መልስ አልመጣም። ሳሌሃ ግን በየአርቡ እየመጡ ከወንበሩ ጫፍ ይቀመጣሉ። ሦስተኛውም ተጻፈ።

በአምስተኛው አርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ መልስ መጣ። ሀያቱ አነበበች።

«እማ ነኝ ያለ ሁሉ እማ አይደለም። ከቤት የወጣሁ ቀን ጠዋት እማ ምን ብላ መረቀችኝ? እሱን ጻፉልኝና አምናለሁ።»

ሀያቱ ደስ ብሏት ጣቶቿ ወዲያው ተነሡ። ልጅ ሲሸኝ ምን እንደሚባል ማን ያጣዋል? አላህ በሰላም ያግባሽ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ ብላ መጻፍ ጀመረች። ሳሌሃ ስክሪኑን ሳይሆን የሀያቱን እጅ ነበር የሚያዩት።

«የምትጽፊው ምንድን ነው?»

«ምርቃቱን ነዋ፣ እማማ።»

«አጥፊው።»

«ለምን?»

ሳሌሃ ዞር ብለው በሌላው ኮምፒውተር ላይ የነበሩትን ሁለት ተማሪዎች አዩ። «እናንተ ልጆች፣ ሻይ ጠጥታችሁ ኑ።» ልጆቹ ወጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አልመረቅኳትም» አሉ። «አትሂጂ ብዬ ነበር፣ እምቢ አለችኝ። ጓሮ ተቀምጬ እንሰት እፍቅ ነበር። እማ ልሄድ ነው ስትል ቀና አላልኩም። ይሄንን ጻፊ።»

«እንዲሁ እንዳለ?»

«እንዲሁ እንዳለ። ሌባ ቢሆን መርቄያለሁ ነበር የሚለው።»

ሀያቱ ጻፈች፤ ላከች። ፈትሂያ እዚያው ማሽን ላይ ነበረች መሰለኝ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልሱ ደረሰ።

«እማ። አንቺው ነሽ። እጅሽ ላይ የእንሰቱ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር፤ እሱን እያየሁ ነው የሄድኩት። ያ አድራሻ እንደተዘጋ ይቆይ። በዚህኛው በየአርቡ ጻፊልኝ።»

ሳሌሃ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ወንበሩንም ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ።

«በይ ሀያት፣ አሁን ምርቃቱን ጻፊ። የምልሽን ብቻ። እንዳታሳምሪው።»