ኤፍቴርፒ ጂም ስትጠላ

ኤፍቴርፒ ለልደቷ ባሏ የሰጣትን ፖስታ ስትከፍት የመርከብ ቲኬት ነው ብላ ነበር። ስታማቲስ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቮሎስ ወደብ ላይ ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱትን መርከቦች ቲኬት ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ለሰው ሁሉ ሲቆርጥ ኖሮ ለእሷ አንድ ቀን ሳይቆርጥላት ቀርቶ ነበር። ከፖስታው የወጣው ግን የጂም መግቢያ ካርድ ሆነ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለችው።

"ሐኪሟ ያለችሽን ረሳሽው? ላብ ያስፈልግሻል ብላሻለች እኮ።"

"ሌላው ባል ለሚስቱ ሽቶ ይገዛል። አንተ ላብ ገዛህልኝ።"

እኔ ኬክ ልበላ የተጠራሁ ነኝና አንገቴን ደፍቼ ኬኬን በላሁ። ኤፍቴርፒ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ከፀጉር ቤቷ ጎን ያለው የልብስ ስፌት ቤት የእኔ ነው፤ ግድግዳችን ስስ ስለሆነ እሷ ቤት የተወራ ሁሉ እኔ ቤት ይሰማል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ኔያ ዮኒያ ሰፈር ውስጥ የለም። ከራሷ በቀር። እሷ ደግሞ ስታወራው ትጨምርበታለች።

ኤፍቴርፒ ያን ጊዜ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ስፖርት ማለት ይኸው ነው ብላ ታምናለች። ሐኪሟ ግን አላመነችም። ስኳርዎ ሽቅብ እየወጣ ነው፤ ልብዎም አንድ ፎቅ ደረጃ ወጥቶ እንዲህ የሚደልቅ ከሆነ ሰንፏል ብላታለች። ኤፍቴርፒ ሐኪሟን ትፈራለች፤ ፀጉሯን የምትቆርጥላት ራሷ ብትሆንም ትፈራታለች። ስለዚህ ካርዱን ተቀበለች፣ ጥቁር ቱታ ገዛች፣ ቱታው ረዝሞባት እኔ አሳጠርኩላት፣ ሄደች።

ጂሙ የድሮ የትምባሆ መጋዘን ነው። አሰልጣኙ ኢያሶናስ የሚባል ጉንጩ ቀይ፣ ጨዋ ልጅ ሲሆን አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል። የሚያሠራቸው ስፖርት እንዲህ ነው፦ ፊሽካ ሲነፋ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ እስኪሆን ትሮጣለህ፣ ትዘላለህ፣ ቁጢጥ ብድግ ትላለህ። እንደገና ሲነፋ ታርፋለህ። አረፍኩ ብለህ ትንፋሽህን ሳትሰበስብ ደግሞ ይነፋል።

በማግስቱ ጠዋት በግድግዳው በኩል ድምጿ መጣልኝ። የምሠራውን ልብስ እንደያዝኩ ሄድኩ። አንዲት ደንበኛ ቢጎዲን ተጠቅልሎላት ካስክ ስር ተቀምጣለች፣ ሁለት ደግሞ ቀለም ተቀብተው ይጠብቃሉ፤ ኤፍቴርፒ ማበጠሪያዋን ይዛ መሃል ላይ ቆማለች።

"መሬት ላይ በደረትሽ ትወድቂያለሽ፣ ትነሺያለሽ፣ ትዘያለሽ። ደግሞ ትወድቂያለሽ። በሁዳዴ እንኳ እንዲህ ሰግጄ አላውቅም! ለሁዳዴው ኃጢአት ይሰረይልሻል፤ ለዚህኛው ምን ይደረግልሻል? 'ጎበዝ እትዬ ኤፍቴርፒ!' ይልሻል። እሱ ነው ደሞዙ።"

"ታዲያ ለምን አትተይውም?" አለቻት ካስክ ስር ያለችው።

"ሐሙስ የመጨረሻዬ ነው" አለች ኤፍቴርፒ።

ሐሙስ ሄደች። አርብ ጠዋት ደግሞ አዲስ ታሪክ ይዛ መጣች። ምላሷ ድሮም ጤፍ የሚቆላ ነው፤ ጂሙ ግን እሳት ጨመረበት። የፀጉር ማድረቂያውን ከፍታ ዘግታ ፊሽካውን ታስመስላለች፤ ጎንበስ ብላ የኢያሶናስን አረማመድ ታሳያለች። ስፖርቱን ሁሉ ስም አወጣችለት። ወድቆ መነሳቱ 'የበደለኛ ስግደት'፣ ባለበት መሮጡ 'ባለዕዳ መጣ'፣ ቁጢጥ ብድጉ ደግሞ በወረቀት የማይጻፍ ስም ተሰጠው። ሴቶቹ ቀጠሯቸውን ወደ ማክሰኞና አርብ ያዛውሩ ጀመር፤ ምክንያቱም ኤፍቴርፒ ጂም የምትሄደው ሰኞና ሐሙስ ነው። ፀጉራቸው ምንም ያልጎደለው ሴቶች ጫፉን ብቻ ቁረጪልኝ እያሉ ሲመጡ አይቻለሁ።

እኔም አላስቻለኝም፤ አንድ ሰኞ ተከትያት ሄድኩ፣ በዚያው እኔም ለመድኩ። ያየሁት ከሰማሁት የባሰ ነበር፤ የባሰው ግን ስፖርቱ ሳይሆን እሷ ናት። ኢያሶናስ ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ኤፍቴርፒ እጇን እንደ ተማሪ ታነሳለች።

"ኢያሶናስ፣ እናትህ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት?"

ልጁ እናቱን ይወዳል። ፊሽካውን ያወርድና ስለ ጉልበቷ ይናገራል፤ ስለ ቀዶ ጥገናው፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ክራንቹ። እኛም እንተነፍሳለን። ጉልበቱ ሲያልቅ የአያቱ ዓይን ይቀጥላል። የቤተሰቡ በሽታ ሁሉ ሲያልቅ ደግሞ ኤፍቴርፒ የጫማዋ ክር ይፈታል። ክር የሌለው ጫማ አድርጋ በመጣችበት ቀን እንኳ ጎንበስ ብላ ስትፈልግ ያዝኳት።

አንድ ቀን ፊሽካው ጠፋ። ኢያሶናስ በየምንጣፉ ስር ፈለገ፤ ኤፍቴርፒም አብራው እየዞረች ከልቧ አዝና ፈለገች። ፊሽካው ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ ስትከተው አይቻለሁ። ልጁ በመጨረሻ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አንድ ፉጨት ለቀቀ፣ የመጋዘኑ መስኮት ተንቀጠቀጠ።

"እረኛ ነበር እንዴ ዘሩ?" አለችኝ እየሮጠች። "ማርጋሮ፣ ፊሽካው ይሻል ነበር።" በሚቀጥለው ቀን ፊሽካው ከአንድ ምንጣፍ ስር 'ተገኘ'።

በዚህ ሁኔታ ክረምቱ አለፈ። በየሳምንቱ ልትተወው ነው፤ በየሳምንቱ ትሄዳለች። እያጭበረበረችም ቢሆን ልቧ ሳታውቀው ጠንክሯል፤ ቀሚሶቿን ከወገባቸው ያጠበብኩት እኔ ስለሆንኩ ምስክር ነኝ። ጸደይ ሲገባ ሐኪሟ ጋ ሄደች፤ እኔም ለወሬው ስል አጀብኳት።

ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት አይታ ፈገግ አለች። "ስኳርዎ ወርዷል። ደም ግፊትዎም ጥሩ ነው። ጂሙን ወደዱት ማለት ነው?"

"እጠላዋለሁ" አለች ኤፍቴርፒ። "ከጥርስ ሕመም ጋር አንድ ላይ ቢቀርብልኝ ጥርሱን ነው የምመርጠው።"

"ታዲያ ይተዉታ።"

ኤፍቴርፒ ቦርሳዋን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች።

"እኔ ይንቀሳቀሱ ነው ያልኩት እንጂ ይሠቃዩ አላልኩም" አለች ሐኪሟ። "ፈጠን ብሎ መራመድም ይሠራል፤ መዋኘትም ይሠራል። የሚጠሉትን ዛሬ ነገ እያሉ ያቆሙታል፤ የሚወዱትን ግን አያቆሙትም። ለሰውነት የሚበጀው ደግሞ የማይቆመው ነው።"

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወደቡ ፊት ለፊት ስታማቲስ ጋብዞን ተቀመጥን። ፂፑሮ መጣ፤ ቮሎስ ውስጥ አረቄው ብቻውን አይመጣም፣ ከየብርጭቆው ጋር የተጠበሰ ዓሣና ኦክቶፐስ በየሳህኑ ይከተላል። ኤፍቴርፒ ከእስር ቤት እንደወጣ ሰው ብርጭቆዋን አነሳች። ከዚህ በኋላ ጂሙን ትታ ከባሏ ጋር በየማታው ባሕሩ ዳር ልትራመድ ተስማማች። ስታማቲስም ደስ አለው፤ ምስኪን፣ የሚመጣበትን አላወቀም።

ችግሩ ስታማቲስ ዓሣ አጥማጅ አይቶ ማለፍ አይችልም። መረብ የሚጠግን ሁሉ ጋ ይቆማል፣ ባልዲ ያየ እንደሆነ ያጎነብሳል። ኤፍቴርፒ ወደፊት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ትጠራዋለች። መራመድ እንኳ ባይጎድላት የምታወራው ነገር አጣች። ማክሰኞ ጠዋት ደንበኞቿ እንደ ልማዳቸው ወንበር አስጠግተው ይጠብቃሉ።

"እሺ፣ ትናንት እንዴት ነበር?"

"ተራመድን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተመለስን።" ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ "አንድ የባሕር ወፍ አየሁ።"

ግድግዳው ያመጣልኝ ድምፅ የማድረቂያው ብቻ ሆነ። ይባስ ብሎ ክሪሳንቲ መጣች። ክሪሳንቲ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት ናት፤ ኤፍቴርፒ ያወራችውን ሰምታ ጂሙ የገባች፣ ከዚያም ያልወጣች ደንበኛ ናት። አሁን እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ የኤፍቴርፒ ማበጠሪያ ፀጉሯ ውስጥ እያለ፣ የኤፍቴርፒን ወሬ ለኤፍቴርፒ ደንበኞች ታወራ ጀመር። ያውም አታውቅበትም። ሳቁን መጀመሪያ ትስቀውና ነገሩን በኋላ ትናገራለች። 'የበደለኛ ስግደት' የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ ያለች ዕለት ኤፍቴርፒ አንገቷን ቀና አድርጋ በመስታወት ውስጥ አየቻት።

"ክሪሳንቲ ነፍሴ፣ አትንቀሳቀሺ" አለቻት። "መቀሱ ጆሮሽ ጋ ነው።"

እቤት ያለውን ደግሞ ስታማቲስ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ሱሪ አሳጥሪልኝ ብሎ ገባ፤ ሱሪው አጭር ነበር።

"ማርጋሮ፣ አማክሪኝ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ግድግዳውን ያውቀዋል። "ሚስቴ ድሮ ኢያሶናስን ስታማ ትውል ነበር። አሁን የምታማው ሰው የላትም፣ ተራው የእኔ ሆነ። ሳኝክ አንድ ዓይነት ድምፅ አለህ ትላለች። ስሊፐሬ ይጮሃል ትላለች። ትናንት ደግሞ አረማመዴን ለልጃችን በስልክ ስታስረዳ ሰማኋት።"

"ታዲያ ምን ላድርግልህ?"

"ወደ ጂሙ ትመለስልኝ። እግዜር ያሳይሽ፣ እሷ የምትጠላው ነገር ያስፈልጋታል። ከእኔ ውጪ የሆነ።"

እኔ ልነግራት ስዘጋጅ ግን እሱ ቀድሞ ነገራት፤ ያውም ባሕሩ ዳር፣ ሰው መሃል። ትጣላዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የሚወደዱ ነገሮች ሞልተዋል፣ አለችኝ በኋላ፤ ልጇን ትወዳለች፣ ዓሣ ትወዳለች፣ ይሄን ሰነፍ ሽማግሌም ትወዳለች። ከልብ የሚጠላ፣ ግን ማንንም የማይጎዳ ነገር ማግኘት ነው ከባድ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? እሷ የጠላችው መልሶ ወረሳት።

ሰኞ ዕለት መጋዘኑ በር ላይ ስንደርስ ኢያሶናስ ፊቱ በራ።

"እትዬ ኤፍቴርፒ! የት ጠፉ? ያለ እርስዎ እኮ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኖብኝ ነበር። ማንም እናቴን የሚጠይቅልኝ የለም።"

"ስማ፣ አንተ ልጅ" አለችው። "በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እመጣለሁ። ሌላውን ቀን እራመዳለሁ፤ ሐኪሟ ፈቅዳልኛለች። ሁለተኛ፣ ስሰግድ እሳደባለሁ።"

"እኔን ነው የሚሰድቡት?"

"ስፖርቱን። አንተን የምሰድበው ፀጉር ቤት ነው።"

ልጁ አሰበበት። "እሺ" አለ፤ "ግን በእረፍቱ ጊዜ እንጂ እየዘለሉ አይሁን። ትንፋሽዎ ይባክናል።"

"እየዘለልኩ ነው የሚመጣልኝ።"

ተስማሙ። ኤፍቴርፒ ስትሳደብ ሌሎቹ ሴቶች መጀመሪያ ተሸማቀቁ፤ ከዚያ ግን አንዷ ቀስ ብላ ተቀላቀለቻት፣ ሌላዋም ቀጠለች፤ ክሪሳንቲ እንኳ ከመድኃኒት ቤት ባለቤት ሚስት የማይጠበቅ ቃል አወጣች። ኤፍቴርፒ እየወደቀች እየተነሳች ዞር ብላ አየቻትና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሷን በአድናቆት ነቀነቀችላት። ስታማቲስም እቤቱ ሰላም አገኘ፤ እንደፈለገ ያኝካል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ወጣት ሴት ክፍሉን ተቀላቀለች። ከኤፍቴርፒ ጎን ምንጣፏን ዘረጋች፤ የመጀመሪያው ፊሽካ ተነፍቶ ሁላችንም ተዘርረን ስንነሳ ልጅቷ ላቧን እየጠረገች፣ "እኔ ይሄን ስፖርት እንዴት እንደምወደው!" አለች።

ኤፍቴርፒ አንድ ጊዜ አየቻት። ጎንበስ ብላ ምንጣፏን ጠቀለለች፣ ተሻግራ ሄደችና በሩ አጠገብ ዘረጋችው።