ለአባቴ መኪና የተገጠመው ባምፐር

ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ ከግድግዳው ሚስማር ላይ አንስቶ ኪሱ ከከተተ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለ ጎማ ብቻ ሆነ።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በየሳምንቱ በአሮጌው ላንድክሩዘር ከአዳማ ተነስቶ አቦምሳ አጠገብ ወዳለችው የማንጎ ማሳው ይሄዳል። የሚሄደው ብቻውን ነው። ባለፈው ክረምት መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰበት። ትርፍ ጎማው፣ መካኒኮች ስኮርታ የሚሉት፣ የሚንጠለጠለው ከመኪናው ሆድ ሥር ስለሆነ አባቴ ጭቃው ላይ ተንጋሎ ገባ። ወገቡ ያዘውና መውጣት አቃተው። ከብት የሚነዱ ሰዎች ሁለት እግሮች ብቻ ከመኪና ሥር ወጥተው አይተው ነው ጎትተው ያወጡት።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፈረደ። «ጎማ መቀየር ያልቻለ ሰው ብቻውን መንገድ አይወጣም። ገዢ አለኝ፤ መኪናው ይሸጣል።»

አባቴ አልተቆጣም። እኔን ያስፈራኝም ይህ ነው። ጠዋት ጠዋት ጃኬቱን ለብሶ፣ ቆቡን አድርጎ፣ መንገድ እንደሚወጣ ሰው ተዘጋጅቶ በረንዳ ላይ ይቀመጥና መኪናውን ያያል።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። አንድን ችግር ከፋፍዬ ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወንድሜን በር ላይ ያዝኩት።

«ችግሩ አባዬ አይደለም፤ ስኮርታው ያለበት ቦታ ነው። የኋላው ባምፐርም በዝገት አልቋል። ስኮርታ የሚሸከም ክንድ ያለው ባምፐር ብናስገጥምለት ከመኪና ሥር መግባት ይቀርለታል።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ፊትህ ቆሞ ጎማ ይቀይራል። ብቻውን።»

«ማንም ሳይነካለት?»

«ማንም።»

«ከቻለ ቁልፉን እሰጠዋለሁ። ካልቻለ እዚያው ቆሜ ለገዢው እደውላለሁ» አለኝ። ቀልዱን አልነበረም።

መካኒኩ የሰፈራችን ልጅ ነው። አባቴን «አባ ኮ» ይለዋል፤ በኦሮምኛ «አባቴ» ማለት ነው። ጋራዡ ግቢ ውስጥ ሁለት ባምፐር አሳየኝ። አንዱ ከውጭ የመጣ፣ ከወፍራም ክብ ቱቦ የተሠራ፣ ጥቁር ቀለሙ የሚያብለጨልጭ ነው። ሌላው እዚሁ አዳማ የተበየደ ነው፤ ከላይ ጠፍጣፋ፣ ሲያዩት የእቃ መደርደሪያ የሚመስል። ሁለቱም በጎን የሚከፈት የስኮርታ ክንድ አላቸው።

«ቲቸር፣ ክቧን ውሰጂ። ታምራለች።»

«ክብ ላይ ጎማ አይቀመጥም።»

«ጎማው ክንዱ ላይ እንጂ ባምፐሩ ላይ ምን ሊሠራ ይቀመጣል?»

አስረዳሁት። ስኮርታ ማውረድ ቀላል ነው፤ ክብደቱ ራሱ ያግዛል። ጭንቁ የተነፈሰውን ጎማ መልሶ መስቀሉ ላይ ነው። ከመሬት እስከ ክንዱ በአንድ ትንፋሽ ማንሳት ለአባቴ ወገብ አይሆንም። ባምፐሩ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ጎማው መጀመሪያ እሱ ላይ ያርፋል፤ አባቴም ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ክንዱ ይገፋዋል። «ደረጃ ማለት ነው» አልኩት።

«እንዲህ ከተመቸማ ባጃጅ ያመለጠው ሁሉ ይንጠለጠልበታል!»

«ይንጠልጠል። ጠፍጣፋው ይሁን።»

አሮጌው ባምፐር ብሎኖቹ ዝገው ስለተጣበቁ ተቆርጦ ወጣ። አዲሱ ሲቀርብ በግራ በኩል ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም። መካኒኩ የመኪናው ዋና ብረት በሆነው ሻንሲ ላይ በቀጥታ ልበይደው አለ። እንቢ አልኩ፦ እሳት ሻንሲውን ያደክመዋል፣ ነገ መፍታት ቢያስፈልግም አይቻልም። አጉረመረመ፤ ግን ማያያዣውን አውጥቶ እንደገና በሳውና በብሎን አሰረው። ክንዱን ስንከፍተው ደግሞ ቀስ ብሎ ራሱን መልሶ ሊዘጋ ሲል አየሁ። ግቢው በጥቂቱ ዘቅዘቅ ያለ ነው።

«ሜዳ ላይ ይህን አያደርግም» አለ።

«የአቦምሳ መንገድ ሜዳ ነው?»

ሳቀና ከብረት ዘንግ ቆርጦ ክንዱን ከፍቶ የሚይዝ መቀርቀሪያ ሠራ፤ እንዳይጠፋም በሰንሰለት አንጠለጠለው። ለአባቴ ደጋግሜ አሳየሁት። «ክፈት፣ ቀርቅር፣ ከዚያ ጎማውን ፍታ።» «ተማሪሽ አደረግሽኝ» እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት ወንድሜ መኪናውን ራሱ ነድቶ ከከተማው ጫፍ፣ ኮረብታው ሥር ካለው ዳገት ላይ አቆመው። አስቦበት ነው። ከኋላ አንዱን ጎማ አስተነፈሰና ወደ ጎን ቆመ። መካኒኩም ሥራውን ሊያይ መጥቷል።

አባቴ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገ። ክሪኩን ሲያነሳ ያላሰብኩት ነገር ደረሰ። ሰው መጣ።

አንድ ባጃጅ ነጂ ፍሬን ይዞ ወረደ። «ኧረ ፋዘር! እኛ ቆመን?» ብሎ ክሪኩን ከአባቴ እጅ ወሰደ።

«ከተነካ አይቆጠርም» አለ ወንድሜ።

አባቴ ክሪኩን ለምኖ አስመለሰ። ወዲያው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ፣ ነጠላ የለበሱ አንድ ሰውዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀረቡ። «አይሆንም» ስንላቸው እኔንና ወንድሜን ከእግር እስከ ራስ ቃኙን። «እናንተ ምን ዓይነት ልጆች ናችሁ? አባት ብረት ሲያነሳ ቆማችሁ ታያላችሁ?»

የተናገሩት እኛም የተማርነውን ነው። ሽማግሌ ሸክም ሲይዝ እጅ አጣጥፎ ማየት ነውር ነው። ለካ ፈተናው አባቴን ብቻ አልነበረም የሚፈትነው።

«እጃችሁን ወደ ኋላ!» ብሎ መካኒኩ ጮኸ። «ፈተና ላይ ናቸው!»

ሰዉ እያጉረመረመ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። አባቴ ብሎኖቹን አላልቶ መኪናውን በክሪክ አነሳ፤ የተነፈሰውን ጎማ አወጣ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ክንዱን ከፈተ። ሳይቀረቅር ስኮርታውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ክንዱ ከነጎማው ወደ ወገቡ መምጣት ጀመረ። ልጮህ ነበር፤ ከንፈሬን ነከስኩ። ሲነካው አባቴ ቆመ፤ በዳሌው ገታው፤ በእጁ ሰንሰለቱን ዳብሶ አገኘና ቀረቀረው።

«ጀባዱ፣ አባ ኮ» አለ መካኒኩ በለሆሳስ። በርታ ማለት ነው።

ስኮርታው ወረደ፤ ገባ፤ ታሰረ፤ ክሪኩም ወጣ። የቀረው የተነፈሰውን መስቀል ነው። አባቴ እያንከባለለ አመጣውና ጉልበቱን ደግፎ አነሳ። አልደረሰም፤ ወደ መሬት ተመለሰ። ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠ። እንደገና አነሳ። ጎማው ጠፍጣፋው ባምፐር ጠርዝ ላይ አረፈ፤ አባቴ በደረቱ ደግፎት ሲተነፍስ ትንፋሹ እኔ ጋ ይሰማል። ያኔ ጎማው ወደ አንድ ጎን መንሸራተት ጀመረ።

የወንድሜ እጅ ተወረወረ። አስቦ አይመስለኝም።

«እጅህን!» አለ አባቴ። ያን ድምፅ ከልጅነቴ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ ኋላው መለሰውና በሌላኛው እጁ አንጓውን ጨብጦ ያዘው። አባቴ ጎማውን በክርኑ መለሰው፣ ገፋው፣ የክንዱ ብሎኖች ላይ ሰካው። አጠበቀ። መቀርቀሪያውን ነቀለ። ክንዱን ዘጋ።

«ፋዘር፣ አንደኛ!» አለ ባጃጅ ነጂው።

ወንድሜ ሄዶ የተሰቀለውን ጎማ በሁለት እጁ ነቀነቀው። ንቅንቅ አላለም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ባምፐሩ ላይ አስቀመጠ። አባቴ ግን አላነሳውም፤ እጆቹን በሱሪው ይጠርግ ነበር።

«አንተ ንዳ፤ ደክሞኛል» አለው።

ወንድሜ አየኝ፤ ይህ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚል ይመስላል። አባቴ ግን ከጎን ወንበር ላይ ተቀምጦ በሩን ዘግቶ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ቤት ስንደርስ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ መልሰው» አለ።