የላስኩት ድንበር

እኔ የሁለት አገር ድንበር በምላሴ ልሼ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አትመኑኝ፣ ለምጄዋለሁ።

ትናንት ትራኬን ይዤ በሬድውድ ሲቲ ወደብ ሳልፍ እዚያ የሚከመረው የባሕር ጨው ብልጭ አለ። ልጄ አጠገቤ ሆና የስኮላርሺፕ ፎርሟን ትሞላለች። «ዳድ፣ የአባት የትውልድ አገር ይላል። ዊች ዋን?» አፌ ጨው ጨው አለኝ።

ልጅ ሆኜ የጨው ግመሎች በተራራችን ያልፉ ነበር። ተራራው በሁለቱ አገሮች መካከል ስለሆነ እነዚህም የኛ ነው ይላሉ፣ እነዚያም የኛ ነው ይላሉ። አንድ ቀን የጨው ነጋዴው አቦይ ተስፋይ ደጃችን አረፉ። እኔና ሁለት የአክስቴ ልጆች «አቦይ፣ ድንበሩ የት ነው?» ብለን ጨቀጨቅናቸው። አንድ አሞሌ ጨው መሬት ላይ አጋደሙና «ወዲህ የነዚህ፣ ወዲያ የነዚያ» አሉን።

«ቤታችንስ በየት በኩል ነው?»

አሞሌውን ወደ ቀኝ ገፉት፣ ደግሞ ወደ ግራ መለሱት። በኋላ ግመሉን አጠጣለሁ ብለው ሄዱ። እኔ ቁጭ ብዬ ላስኩት። አፈር አፈር፣ ግመል ግመል ይላል።

ተመልሰው ሲያዩኝ «አንተ ሆዳም፣ ድንበሩን በላኸው እኮ! ነገ የት ተወለድክ ሲሉህ ምን ልትል ነው?» አሉኝ። ሳቅን። ያ ነገ ሬድውድ ሲቲ ላይ ደረሰብኝ።

«ዳድ፣ ባዶ ከሆነ ሪጀክት ያደርጉታል።»

«ቆይ እስኪ» አልኳት።

ካላመናችሁኝ የአክስቴን ልጆች ጠይቁ። አንዱ ኦክላንድ ወደብ ነው የሚሠራው፣ አንዷ ሳን ሆዜ ሱቅ አላት። አንድ ቤት ተወልደው ፎርም ላይ የተለያየ አገር ይሞላሉ። ድንበሩን መብላቴን ግን ሁለቱም ይመሰክራሉ። በዚያው የኔንም አገር ጠይቁልኝ፤ ፎርሙ እስከ ዓርብ ነው።